ሰባ አምስት ስም ያለበት መጽሐፍ

በ1975 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ እሠራ ነበር። የነርስነት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት የተጠቀለለ ትልቅ ሥዕል ተላከልኝ። የሴት አካል ሥዕል ነው፤ ከአንገት እስከ ጉልበት፣ ምንም ልብስ የሌለው፣ ማህፀኑ በቀይ፣ የሽንት ፊኛው በቢጫ የተቀለመ። እንደ ወርቅ ነው የተቀበልኩት። ሐሙስ የእናቶችና የሕፃናት ቀን ስለነበር ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ የሸምበቆ ዘንግ ይዤ ማስተማር ጀመርኩ።

ከፊት የተቀመጡት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ደፉ። ገና ‹‹ይህ ማህፀን ይባላል›› ከማለቴ አንዲት ባልቴት ተነሡና፣ ‹‹ልጄ፣ መጀመሪያ ይህችን ምስኪን አልብሻት፤ ከዚያ እንሰማሻለን›› አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁ በኋላ ሁሉም ልጆቻቸውን እያዘሉ አንድ በአንድ ወጡ። በዚያ ወር ሪፖርቴ ላይ ‹‹ኅብረተሰቡ ስለ ጤና ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ ትምህርቱን ለመከታተል ፈቃደኛ አልሆነም›› ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዓመት በኋላ አንዲት የአምስት ልጆች እናት መጣች። ማህፀኗ ወደ ታች ከወረደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም በጨርቅ ደግፋ እያሰረች ነው የኖረችው። ለባሏ አልተናገረችም፤ ለእናቷም አልተናገረችም። ‹‹ለምን ዝም አልሽ?›› ስላት ‹‹ምን ብዬ ልጥራው?›› አለችኝ። ቆየት ብላም፣ ‹‹ያን ጊዜ ሥዕሉን የሰቀልሽ ዕለት ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ብቻዬን መቅረት አፈርኩ›› አለች። ሪፈር ጽፌ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። ከስድስቱ ዓመት አንዱ ግን የእኔ ዕዳ ነበር።

ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ፣ ሕንድ አገር ሄጄ ያገኘሁት የአንድ መጽሐፍ አሳታሚ ድርጅት ታሪክ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ታናሽ እህቴ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ወደ ዴልሂ ስትሄድ አስታማሚ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት ቆይቶ ወደ ልቧ የወረደ በሽታ ነው። (ወላጆች ሆይ፣ የልጅ ጉሮሮ ሕመም አይናቅ። ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም፤ የሙያ ልማድ ነው።) ሆስፒታሉ የሚገኘው ከዴልሂ አጠገብ ባለችው በጉርጋኦን ከተማ ነበር። በእንግዳ ማረፊያው ከኢራቅና ከናይጄሪያ ከመጡ አስታማሚዎች ጋር በአንድ ወጥ ቤት እየተጋፋን ሽሮአችንን እንሠራ ነበር። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ሕንዶችን የምናውቃቸው በመምህርነታቸው ነው፤ ከኬረላ መጥተው ስንቱን የገጠር ከተማ ልጅ ሒሳብ አስተምረዋል። በአገራቸው ሳያቸው ግን አዲስ ሰዎች ሆኑብኝ።

እህቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እያለች ጊዜው አልገፋ ሲለኝ ከአንድ ትንሽ መጻሕፍት መሸጫ ገባሁ። ስስ ያለ፣ እንግሊዝኛው ቀለል ያለ መጽሐፍ ገዛሁ። ጸሐፊዋ ቤቢ ሃልደር ትባላለች። የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የምትሠራውም እዚያው ጉርጋኦን ነበር። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ስጨርስ ‹‹የሠራተኛን ታሪክ መጽሐፍ ብሎ ያሳተመ ማነው?›› ብዬ ገልበጥ አደረግሁት። ዙባን ይላል። በሂንዲና በኡርዱ ምላስ ማለት ነው፤ አንደበት፣ ቋንቋም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ሴቶች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ጊዜው ሞልቶኛል።

አሳታሚ ስል ማተሚያ ቤት ማለቴ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ሁለቱ ይምታታሉ። ማተሚያ ቤት ማሽን አለው፣ የከፈለውን ሁሉ ያትማል። አሳታሚ ግን ረቂቁን ያነባል፣ ይመርጣል፣ ከጸሐፊው ጋር ተቀምጦ ያርማል፣ ለማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ይከፍላል፣ ለሱቆች ያከፋፍላል፣ ካልተሸጠም ኪሳራው የእሱ ነው። የእኔ ትውልድ ኩራዝ አሳታሚን ያስታውሳል። አሁን አሁን ብዙው ደራሲ የራሱ አሳታሚ ሆኗል። ተበድሮ ያሳትማል፣ ለአዟሪ ይሰጣል፣ የቀረውን ከአልጋ ሥር ይደረድራል። ታዲያ በዚህ አካሄድ ገንዘብ የሌላት ሴት፣ ከዚያም ይልቅ ‹‹ያንቺ ነገር ይጻፋል›› ያላት ሰው የሌላት ሴት ከየት ትጀምራለች?

ኡርቫሺ ቡታሊያና ሪቱ ሜኖን ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ነው እ.ኤ.አ. በ1984 ዴልሂ ውስጥ ካሊ ፎር ዊመንን ያቋቋሙት። በሕንድ የመጀመሪያው የሴቶች አሳታሚ ድርጅት ነው። ካሊ ክፉውን የምታጠፋ ተብላ የምትታመን የሂንዱዎች ጥቁር እንስት አምላክ ናት፤ ስሟን የወሰዱት ለኃይሏ ይመስለኛል። ሁለቱም ለሙያው እንግዳ አልነበሩም። ቡታሊያ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የዴልሂ ቅርንጫፍ፣ በኋላም ለንደን በዜድ ቡክስ ሠርተዋል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የዴልሂ ሴቶች በጥሎሽ ምክንያት ስለሚሞቱ ሙሽሮች አደባባይ ወጥተው ይጮሁ ነበር። በእኛ ባህል ጥሎሽ የሚያመጣው ወንዱ ነው፤ በእነሱ የሴቷ ቤተሰብ ነው የሚከፍለው። ‹‹ያመጣሽው አነሰ›› እየተባሉ በላምባ የተቃጠሉ ወጣት ሚስቶች ጉዳይ ‹‹የወጥ ቤት አደጋ›› ተብሎ ይዘጋ ነበር። የቡታሊያ እናት ሱብሃድራ ቡታሊያ ራሳቸው ይህን ነገር በመቃወም ከታገሉት አንዷ ናቸው። እናት ሰልፍ ሲወጡ ልጅ ሌላ ነገር ታዘቡ፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር ሕንዳውያን ሴቶች ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ ሲፈለግ የለም ማለት ይቻል ነበር።

‹‹ፌሚኒስት›› የሚለውን ቃል ሳነሣ ፊቱን የሚያጨፈግግ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ቃሉን ስሰማ ለረጅም ጊዜ የሚታየኝ ከባሏ የተጣላች ሴት ነበረች። አሁን ግን እንደ ነርስ ነው የምረዳው። በሽተኛ ‹‹እዚህ ጋ ያመኛል›› ስትል እሷን ሳትሰማ ሌላ ቦታ የምትመረምር ሐኪም ጥሩ ሐኪም አይደለችም። የሴት ቃል ስለ ራሷ ሕይወት የመጀመሪያው ማስረጃ ይሁን ማለት ነው፤ ለእኔ ከዚህ አያልፍም።

እርግጥ ነው፣ በሌላ አገር የቀደሟቸው ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ፌሚኒስት ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ለንደን ውስጥ ቪራጎ በ1973 ተቋቁመዋል። ሆኖም አሜሪካና ለንደን መጽሐፍ የሚገዛ ብዙ ሰው አለ። ካሊ ግን ካፒታል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ፈላጊው ማን እንደሆነም ገና አልታወቀም።

የመጽሐፍ ሒሳብ ምን እንደሚመስል ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሽፋኑን ዋጋ አይቶ ‹‹አተረፉ›› ይላል። አንድ መጽሐፍ መቶ ብር ቢሸጥ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ያህል ለአከፋፋይና ለሱቅ ይሄዳል። ለደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ከቀረው ወረቀት፣ ኅትመት፣ አራሚ፣ የሽፋን ሠዓሊ፣ የመጋዘን ኪራይ ይከፈላል። ሱቁ ደግሞ ያልሸጠውን ይመልሳል። ገንዘቡ የሚወጣው ዛሬ ነው፤ የሚመለሰው፣ ከተመለሰ፣ ከርሞ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ቅጂ ካላሳተሙ የአንዱ ዋጋ ይንራል፤ ብዙ ካሳተሙ ደግሞ ሳይሸጥ ይቀራል። ሥጋ ቤት የከፈተ ሰው እንኳ በዚህ ሒሳብ አያድርም።

ካሊዎች በሕይወት የቆዩት ቶሎ የሚሸጥ መጽሐፍ በማሳተም አይደለም። ቀስ እያለ የሚሸጥ፣ ግን የማይሞት መጽሐፍ ፈለጉ። ለምሳሌ ቫንዳና ሺቫ ስለ ሴቶች፣ ስለ ደንና ስለ ውኃ የጻፉትን ‹‹ስቴዪንግ አላይቭ›› እ.ኤ.አ. በ1988 አወጡ፤ መጽሐፉ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በዜድ ቡክስም ታተመ። በቀጣዩ ዓመት የወጣውና ስለ ሕንድ ሴቶች ታሪክ የምሁራን ጽሑፎችን የያዘው ‹‹ሪካስቲንግ ዊመን›› በየዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆነ። ተማሪ በየዓመቱ አዲስ ይገባል፤ መጽሐፉም በየዓመቱ ይፈለጋል። እንዲህ ያለው የገበታ ጨው ዓይነት መጽሐፍ ሌላውን፣ ትርፍ የማያመጣውን ይሸከማል።

ትርፍ ከማያመጡት አንዱ ነው እኔን ወደ ሰሜን ሸዋ የመለሰኝ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ራጃስታን በተባለው ደረቅ የምዕራብ ሕንድ ክፍለ ግዛት፣ መንግሥት የሴቶች ልማት ፕሮግራም ከፍቶ ነበር። በየመንደሩ የሚሠሩት ሴቶች ‹‹ባልንጀራ›› የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩ ነበር። አብዛኞቹ ብዙ ያልተማሩ ወይም ጭራሽ ያልተማሩ ናቸው። እነዚህ ሴቶች ተሰብስበው ስለ አካላቸው ሲወያዩ የሚያውቁትንና የማያውቁትን አንድ ላይ አድርገው በእጃቸው መጽሐፍ አዘጋጁ። ስሙ ‹‹ሻሪር ኪ ጃንካሪ›› ነው፤ ስለ አካል ማወቅ እንደማለት ነው። የወር አበባ፣ እርግዝና፣ ወሊድ፣ ሴት ከልጅነት እስከ እርጅና የሚያልፍባት ሁሉ በሥዕልና በቀላል ቃል ገባበት።

መጀመሪያ ያዘጋጁትን ወደ መንደር ወስደው ሲያሳዩ ሰዉ አልተቀበለውም። ሥዕሎቹ ራቁት ነበሩ። ‹‹እንዲህ ያለ ሰው የት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ መንደር ራቁቷን የምትሄድ ሴት የለችም፤ ይህ ውሸት ነው›› የሚል ነበር የመንደርተኛው ተቃውሞ። አስተውሉ፤ ‹‹ነውር ነው›› ብቻ አይደለም ያሉት፣ ‹‹እውነት አይደለም›› ነው ያሉት። እነዚያ ሴቶች እንደ እኔ ሪፖርት አልጻፉም። ቁጭ ብለው መላ ፈለጉ። እንደ አገሩ ልብስ የለበሰች ሴት ሣሉ፤ ቀሚሷን ከወረቀት ቆርጠው የሚነሣ ክዳን አደረጉት። ማወቅ የፈለገ ክዳኑን ያነሣል፣ ከሥሩ አካሉ አለ። ሰው ሲመጣ ክዳኑ ይመለሳል።

ይህን ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ‹‹መጀመሪያ ይህችን ምስኪን አልብሻት›› ያሉኝ ባልቴት የተናገሩት ቀልድ አልነበረም። መፍትሔውን ነበር የነገሩኝ። ሥራዬ ሆኖ ማዳመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን በእሳቸው ላይ ሪፖርት ጻፍኩባቸው።

ሴቶቹ በእጅ የተሠራውን መጽሐፍ ይዘው ወደ ካሊ ሲሄዱ ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፣ የተሳተፍነው ሰባ አምስት ነን፤ የሰባ አምስታችንም ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለገጠር ሰው በትርፍ እንዳይሸጥ። ለነጋዴ እንዲህ ያለ ውል ማን ይዞለት ይሄዳል! ካሊዎች ተቀበሉ። የወረቀት ክዳን ያለበት መጽሐፍ ማሳተም በራሱ ጣጣ ነው፤ በማሽን ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ይሁንና ገና ሳይታተም በየመንደሩ ብዙ ቅጂ ታዞ ነበር፤ እነዚያው ሴቶች ናቸው ቤት ለቤት ሄደው ገዢ ያገኙለት። ሱቅ የለ፣ ማስታወቂያ የለ። ቡታሊያ ስለ አሳታሚነት ሕይወታቸው በተናገሩ ቁጥር ይህን መጽሐፍ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለፈው ዓመት የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጄ የሳይንስ መጽሐፏን ይዛ መጣች። እናቷ፣ ማለትም የእኔው ልጅ፣ ‹‹እስቲ አያትሽን ጠይቂ›› ብላ ነው የላከቻት። የነርስ ልጅ ሆና ታፍራለች፤ ከማን እንደወረሰችው እንጃ። እኔም ካርቶን ላይ ሥዕል ሣልኩ፣ ከአሮጌ ሻሽ ቀድጄ ጨርቅ ሰፋሁበት። ሴትዮዋን አለበስኳት ማለት ነው። የልጅ ልጄ ጨርቁን አነሣች፣ መለሰች፣ አነሣች፣ መለሰች። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስታይ ትገልጠዋለች፤ ጥያቄ የምትጠይቀው ግን ጨርቁን ከመለሰች በኋላ ነው። አራት ጥያቄ ጠየቀችኝ። አንዱን እኔ እናቴን ሳልጠይቃት እናቴ ያለፈችበት ነው።

ስለ ቡታሊያ ስናወራ ለአያቶች የሚሆን ሌላም ነገር አለ። ካሊ በተቋቋመበት በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ሲገደሉ ዴልሂ ውስጥ በሲኮች ላይ ጭፍጨፋ ደረሰ። ተጎጂዎችን ለመርዳት የወጡት ቡታሊያ ሽማግሌዎቹ ‹‹እንደ 1947 ሆነ›› ሲሉ ሰሙ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል፤ የቡታሊያ ቤተሰብም ከላሆር ተሰድዶ የመጣ ነው። በልጅነታቸው ስለዚያ ዘመን ሲወራ ሰምተው ልብ ሳይሉት ነበር የቀሩት። አንድ አጎታቸው ግን ሳይሰደዱ እዚያው ቀርተዋል፤ አያታቸውም ከእሳቸው ጋር ቀርተው እዚያው አርፈዋል። ቤተሰቡ አጎትየውን አኩርፎ አርባ ዓመት ያህል ተለያይቶ ኖረ። በ1987 ቡታሊያ ድንበር ተሻግረው የአጎታቸውን በር አንኳኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ሲያነጋግሩ ቆይተው ‹‹ዘ አዘር ሳይድ ኦቭ ሳይለንስ›› የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1998 አወጡ። ሪቱ ሜኖንም በዚያው ዓመት ከካምላ ባሲን ጋር ሆነው በ1947 ሴቶች ላይ ስለደረሰው የራሳቸውን አሳተሙ። ሁለቱም የሚጠይቁትና ሰምቶ የሚያስቀምጡት ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው ጄኔራሎቹን ሲጠይቅ እነሱ አያቶቹን ጠየቁ።

በ2003 ካሊ ተከፈለ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሁለቱ መሥራቾች ተለያዩና ቡታሊያ ዙባንን፣ ሜኖን ዊመን አንሊሚትድን አቋቋሙ። እኔ ሦስት ማኅበር ውስጥ ነበርኩ፤ ሁለቱ በፀብ ፈርሰዋል፤ ሲፈርሱም ድስቱ እንኳ የት እንደገባ አልታወቀም። እነዚህ ግን ተለያይተው ሁለት ቤት ሆኑ። መጻሕፍቱም አልጠፉ፣ ሥራውም አልቆመ። በ2011 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ክብር ለሁለቱ በአንድ ላይ ሰጥቷቸዋል።

ወደ ቤቢ ሃልደር ልመለስ። ልጅ ሳለች እናቷ አንዲት ሳንቲም በእጇ አስይዛት ከቤት ወጣች፤ አልተመለሰችም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በአሥራ አራት ዓመት ለሚበልጣት ሰው ተዳረች። ትምህርቷ እዚያ ላይ ቆመ። ባልዋ ይደበድባት ነበር። ሦስት ልጆቿን ይዛ በባቡር ወደ ዴልሂ ሸሸች፤ ቤት ለቤት እየሠራች ብዙ አዋራጅ ነገር አየች። በመጨረሻ የገባችው ፕራቦድ ኩማር የተባሉ ጡረታ የወጡ የአንትሮፖሎጂ ፕሮፌሰር ቤት ነው። እሳቸውም የመጽሐፍ መደርደሪያውን ስትወለውል እጇ እንደሚዘገይ አስተዋሉ። ‹‹ታነቢያለሽ?›› ብለው የታስሊማ ናስሪንን የልጅነት ትዝታ ሰጧት። ቀጥሎ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥተዋት የራስሽን ጻፊ አሏት። ሥራ ጨርሳ ልጆቿ ሲተኙ ሌሊት ሌሊት በቤንጋሊ ጻፈች። ፕሮፌሰሩ አርመው ወደ ሂንዲ መለሱት፤ በ2002 ታተመ። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ቡታሊያ ራሳቸው ሠርተው በ2006 በዙባን አወጡት። ከዚያ በብዙ ቋንቋ ተነበበ። አንድ ድርጅት የሚያስተዳድሩ ሴት ሥራቸውን አስቀምጠው የቤት ሠራተኛን ጽሑፍ ቃል በቃል ተቀምጠው መተርጎማቸው እኔን ከምንም በላይ ነው የነካኝ።

መጽሐፉን ይዤ መጣሁ። እህቴም ድና መጣች። ለጓደኞቼ፣ ለዕድሩ ሰው፣ ላገኘሁት ሁሉ ስለ ቤቢ ሃልደር አወራሁ። አንዳንዶቹ አለቀሱ።

በ2007 ዓ.ም. አንዲት ልጅ ከጎንደር በኩል መጥታ ቤታችን ተቀጠረች። አሥራ ስምንት ሞልቶኛል ትላለች፤ ማታ ማታ አምስተኛ ክፍል ትማር ነበር። እጇ ንጹሕ፣ አፏ ቁጥብ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስነሣ የክፍሏ መብራት በርቶ አገኛለሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው በሩን ገፋ አድርጌ፣ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ቆጣሪው የሚቆጥረው በእኔ ላይ እኮ ነው! ነገ በጠዋት ማን ሊነሣ ነው?›› ብዬ ጮህኩባት። ደብተሯን በጉልበቷ ሸፍና ‹‹እትዬ፣ ትንሽ ናት የቀረችኝ›› አለች። የቤት ሥራዋ መስሎኛል። ‹‹አጥፊ›› አልኳት፤ አጠፋች። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ መብራት በሌሊት በርቶ አላየሁም። የቤቢ ሃልደር መጽሐፍ በዚያች ሰዓት ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከልጄ የሠርግ ፎቶ አጠገብ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በደላላ በኩል ወደ ቤይሩት ሄደች። ‹‹ተይ›› ብያት ነበር፤ ግን እኔ የምከፍላት ደመወዝ ወንድሞቿን እንደማያስተምር ሁለታችንም እናውቃለን። ስትሄድ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ‹‹እስክመለስ ያስቀምጡልኝ›› አለች። አስቀመጥኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቁም ሣጥን ሳጸዳ ፌስታሉ ተቀደደና ሦስት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ወደቀ። የአንደኛው ሽፋን ላይ ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የተወለደችበት ቀበሌ፣ ከሥሩ ደግሞ ‹‹ታሪኬ›› የሚል ተጽፏል።

ሁለት ገጽ አነበብኩ። እናቷ ዶሮ ሸጣ የመኪና እንደከፈለችላት ይላል። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስትወርድ ጫማዋ እንደተበጠሰ ይላል። ከዚያ ዘጋሁት። የልጅ ልጄ ‹‹እማማ፣ ለእኔ ስጪኝ፣ በኮምፒውተር ልጻፈው፣ እናሳትመው!›› ብላ አስቸገረችኝ። ዕድሜዋ ነው፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ሰባ አምስቱ ሴቶች የጠየቁትን ነገርኳት። ባለቤቷ ሳትፈቅድ አንድ ፊደል አይነካም አልኩ። የወረቀት ዋጋ ግን በሹክሹክታ አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ። የነገሩኝ ዋጋ የጡረታዬን የስንት ወር እንደሆነ ስሰማ፣ ካሊዎች በዚያ ሁሉ ዓመት እንዴት እንደቆዩ እንደገና ገረመኝ። የጡረተኛ ነርሶች ዕቁባችን ግን በሚቀጥለው ዓመት ለእኔ ይደርሳል።

በዚህ ፋሲካ ደወለች። አሁን የምትሠራበት ቤት ጥሩ ነው ትላለች፤ እሑድ ትወጣለች። ስለ ዶሮ ዋጋ፣ ስለ እህቴ ልብ፣ ስለ ወንድሞቿ ካወራን በኋላ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ‹‹ደብተርሽን ከፍቼ ሁለት ገጽ አንብቤያለሁ፤ ይቅር በይኝ›› አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

‹‹እትዬ፣ ስለ መብራቱ ያለውን አነበቡት?›› አለች።

‹‹አላነበብኩም።››

‹‹እሱ ሦስተኛው ደብተር ላይ ነው። ይተዉት፤ ስመጣ እኔው አነብልዎታለሁ›› ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ።